ካቻቪቴ በገዛ መንጋጋዬ ላይ

ነገሬን ከመጀመሬ በፊት እስቲ ሁላችሁም ምላሳችሁን በግራ በኩል ወደ ታችኛው የመጨረሻ ጥርሳችሁ ላኩት። ቆሞ አገኛችሁት? እንግዲያው አምላካችሁን አመስግኑና ንባባችሁን ቀጥሉ። የእኔ ተኝቶ ነበር። አልተነቀለም፣ አልተበላም፤ ዝም ብሎ ተጋድሟል።

የተጋደመው በእኔ ስንፍና ነው። አዲስ አበባ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከፊቱ የነበረውን ጥርስ አመመኝ ብዬ አስነቀልኩ። የነቀለልኝ ሐኪም «ቦታውን ባዶ እንዳትተወው» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩና ሳስብበት ሠላሳ ዓመት አለፈ። የኋላው ጥርስ ግን እንደ እኔ ሲያስብ አልከረመም። ፊቱ ሜዳ መሆኑን ባየ ጊዜ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደፊት እየተደገፈ ሄዶ በመጨረሻ ጎኑን አሳረፈ። እኔም በቀኝ በኩል ብቻ እያኘክሁ ኖርኩ። በአንድ በኩል እያኘኩ አገር መቀየር፣ ማግባት፣ ልጆች ማሳደግና ዜግነት መውሰድ እንደሚቻል በራሴ አረጋግጫለሁ። ያስቸገረኝ ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው።

የእንጀራዬ ነገር ደግሞ ብሎን ማጥበቅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ አፓርትመንት ሃያ አራት ዓመት ሜንቴናንስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በር ሲላላ፣ መደርደሪያ ሲወድቅ፣ የመጋረጃ መስቀያው ሲገነጠል የሚጠሩት እኔን ነው። እስካሁን ያጠበቅሁት ብሎን ቢደረደር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሮክቪል ይደርሳል። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ባለቤቴ ስንዱ «ግማሹ እኮ መልሶ ወልቋል» ትላለች።

ከተጋደመው ጥርስ ሥር ምግብ እየገባ ድዴ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ይነቀል አለ። እኔ ለመነቀል አፌን ከፍቼ ነበር። ስንዱ ናት እጄን ይዛ ያስወጣችኝ። «አንዱን አስነቅለህ ያመጣኸውን ጣጣ እያየህ ሌላ ልትጨምር ነው?» አለችና ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያለችውን፣ ጥርስ የምታቃናዋን ዶክተር ቤዛን ፈልጋ አገኘች።

ዶክተር ቤዛን አውቃታለሁ። ወላጆቿ ድሮ የኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ሰባት ዓመቷ ላይ የጥርስ ብሩሿን ሽንት ቤት ውስጥ ጥላ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከእጄ ነጥቃ አፏ ልታስገባው ስትል ቀምቼ የጣልኩትም እኔው ነኝ። አሁን ነጭ ልብስ ለብሳ ስለ አፍ ንጽሕና ስትመክረኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥርስ መሄድ የለበትም» አለችኝ ራጁን እያሳየችኝ። «ሩቱ፣ ሥሩ፣ ስትሮንግ ነው። ከተነሳ በደንብ ይሠራል። ካልተነሳ ግን ማውጣት ነው። እሱ ከወጣ በዚህ ሳይድ የሚያኝኩበት ምንም አይቀርም።»

«በምን ይነሳል?»

«በስፕሪንግ እንገፋዋለን።»

«ምን ላይ ቆማችሁ ነው የምትገፉት?» አልኳት። ይህ የባለሙያ ጥያቄ ነው። መሬት ያልረገጠ ሰው ፍሪጅ ሊገፋ ቢሞክር የሚሄደው ራሱ ነው።

ዶክተር ቤዛ ዓይኗ በራ። ይህን የሚጠይቃት በሽተኛ አጋጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ። «ፕሮብለሙ እሱ ነው። የፊት ጥርሶች ላይ ሆነን ብንገፋው እነሱም ወደኋላ ይገፋሉ። ጥርስ ከጥርስ ሲጓተት ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ፣ ጥርስ ያልሆነ ነገር እንፈልጋለን» አለችና ከትንሽ ዕቃ ውስጥ አንዲት ብሎን አውጥታ መዳፏ ላይ አሳረፈች።

ብሎኗ የገብስ ፍሬ ታህላለች። ጠጋ ብዬ አየኋት። ጥርስ አላት፣ አናት አላት፣ አናቷ ላይ የካቻቪቴ መስመር አላት። እኔ መጸዳጃ ቤት ፎጣ መስቀያ ለማቆም የምጠቀምበት የዚህችን አራት እጥፍ ነው፤ እሱም ፎጣው ሲረጥብ ይወድቃል።

«የምን አንከር ነው የምትጠቀሚው?» አልኩ። ድራይዎል በሚሉት የጂፕሰም ግድግዳ ላይ ብሎን ከመግባቱ በፊት የሚቀበረውን ፕላስቲክ ማለቴ ነው።

«አንከሩ እሷው ናት።»

«ሙጫስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ይይዛታል?»

«አጥንትዎ» አለች፣ የታወቀ ነገር እንደምትናገር ሁሉ።

ድዴን አደነዘዘችው። ድሪል መጠበቅ ይዤ ነበር፤ እሷ ግን የጣት ርዝመት ያላት ካቻቪቴ አንስታ በእጇ ማዞር ጀመረች። ሕመም የለም። መጫን ብቻ ነው። ድምፁ ግን አለ፤ በጆሮ ሳይሆን ከራስ ቅል ውስጥ የሚሰማ፣ ብረት ጠንካራ ነገር ውስጥ መንገዱን ሲያበጅ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ። ጠንካራ እንጨት ላይ ስሠራ የማውቀው ድምፅ ነው። እንጨቱ እኔ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመት በግድግዳ ላይ ሳደርገው የኖርኩትን ነገር ግድግዳ ሆኜ ሰማሁት። የዚህች ልጅ እጅ ደግሞ አይቸኩልም። ጥቂት ታዞራለች፣ ትቆማለች፣ በጣቷ ታዳምጣለች።

«በጣም ከላላ አይይዝም፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ አጥንቱ ይጨነቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሞታል» አለችና እጇን አነሳች። የእኔ ደንብ ሌላ ነበር፤ አልዞርም እስኪል ድረስ አዙር፣ ከዚያ አንድ ጨምር።

ቀጭን ሽቦ ከብሎኗ ወደተኛው ጥርስ ከወሰደች በኋላ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አሁን የያዘችው አጥንቱ ውስጥ ስለተጣበበች ነው። ግን አጥንት ላይቭ ነው፣ ሕይወት አለው። በብሎኗ የተጎዳውን መጀመሪያ ይበላዋል፣ ከዚያ አዲስ ይሠራል። አሮጌው ሄዶ አዲሱ ሳይመጣ ያሉት ሳምንቶች ዊክ ናቸው፤ ደካማ። እነሱን ካለፍን ትይዛለች። አይንኳት፣ በዚያ በኩል አያኝኩ። በምላስዎም አይንኳት። የሚነቃነቅ ነገር ከተሰማዎት ወዲያው ኮል ያድርጉልኝ።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ። ሰው ነኝ ብዬ አርባ ሰባት ዓመት ስኖር መንጋጋዬ ውስጥ አፍራሽና ገንቢ ሠራተኞች እንዳሉ አላውቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች የተሰነጠቀውን እያነሱ፣ አዲስ እያመጡ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ሌት ተቀን ይሠራሉ። እኔ የማውቀው ግድግዳ የሞተ ነው። ከቀዳደድኩት በኋላ አንድም ቀን ብሎኔን ራሱ አጥብቆ የጠበቀኝ ግድግዳ የለም። እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ በጣም ተደንቄ፣ ቀስ ብዬ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

መደነቄ ጥሩ ነበር፤ ምላሴ ግን አልተደነቀም። አትንካ የተባለውን ብቻ መንካት ፈለገ። ስበላ ይሄዳል፣ ስጸልይ ይሄዳል፣ ተከራይ ስለ ማሞቂያው እያማረረ ሲያናግረኝ እንኳ ሹልክ ብሎ ሄዶ ብሎኗን ይዳስሳል።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ስፕሪንግፊልድ የማኅበራችን ተራ ነበር። ስንዱ አስቀድማ ስላወራችው ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አፍህን ክፈት» ተባልኩ። አሥራ አንድ ሰው ስልኩን አብርቶ አፌ ውስጥ አየ። አንዱ ኤርፖርት ላይ ትጮህ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው መብረቅ ስለመሳቧ ሠጋ። የቤቱ ባለቤትና የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጠርገው፣ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አማተቡ። «አጥንትን ሲሠራው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ሌላውም ተከትሎ አማተበ። እኔም አፌን እንደከፈትኩ አማተብኩ።

ችግሩ ከማማተቡ በኋላ የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አልማዝ ዳቦ ቆሎ ይዘው መምጣታቸው ነው። «ለስላሳ ነው፣ ላንተ ብዬ ነው የጋገርኩት» አሉኝ። አንዲት እናት ለአንተ ብዬ ነው ካሉ በኋላ የአሌክሳንድሪያ ሐኪም ትእዛዝ ምን ዋጋ አለው? በቀኝ በኩል አኘክሁ። ሁለተኛ ዘገኑልኝ። በሦስተኛው አንዲት ፍሬ መንገድ ስታ ወደ ግራ ሄደችና ብሎኗ አናት ላይ ቀጭ አለች።

በዳቦ ቆሎው ይሁን በምላሴ ወይም በሁለቱ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ብሎኗ መነቃነቅ ጀመረች። በጣም ትንሽ ናት ንቅናቄዋ። ግን የላላ ነገር ማወቅ ሙያዬ ነው። በዚያው ሳምንት ከክሊኒኩ ደውለው «ብሎኗ እንዴት ናት?» ሲሉኝ ምን አልኩ? «በጣም ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እያልኩ ሳለሁ በምላሴ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝኳት ነበር። እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ማለት ለኛ ሰው መልስ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ። አልያዘችም ካልኳት ጥርሱ ይነቀላል ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ራሴ ላጠብቃት ወሰንኩ።

አሁን አትሳቁብኝ። ሃያ አራት ዓመት «ላልቷል» የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ወደ ካቻቪቴ የሚሄድ ሰው ነኝ። በምሳ ሰዓት ሕንፃው ምድር ቤት ወዳለችው የዕቃ ክፍሌ ገባሁ፤ ከአንድ መታጠቢያ ቤት የወለቀ መስተዋት ነበረኝ፣ እሱን መደርደሪያው ላይ አቆምኩ። የመነጽር ብሎን የምታጠብቀውን ትንሿን ካቻቪቴ በፈላ ውኃ ቀቀልኳት። ንጹሕ ሰው ነኝና እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ በግራ እጄ ጉንጬን ገልጬ፣ በቀኝ እጄ መስመሯን አገኘሁና ሩብ ዙር አዞርኩ።

ያዘች። በእውነት ያዘች። በመስተዋቱ ውስጥ ለራሴ ፈገግ ልል ስል ጉንጬ አመለጠኝ። የሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ያህል ዓመት የሚፈጀው ለምን እንደሆነ ሁሉ ጠየቅሁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ደንቤ የታወቀ ነው፤ አንድ ጨምር። ጨመርኩ።

ዞረች። ምንም ሳትቃወም፣ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ዝም ብላ ዞረች። ብሎን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያችን ባዶ መዞር ያውቃታል። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ የሚይዝ ነገር የለም ማለት ነው። በር ላይ ሲሆን እንሳደባለን። መንጋጋዬ ላይ ሲሆን ግን ካቻቪቴዋን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

ለሰፋ ቀዳዳ መድኃኒት አለኝ። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ መክተት፣ ሙጫ ጠብ ማድረግ፣ ብሎኑን መመለስ። ስንት የቁም ሣጥን በር በዚህ ቆሟል። መጎርጎሪያዎቹ መደርደሪያው ላይ ነበሩ። አየኋቸው። አንዷን አንስቼ በጣቶቼ መሀል ይዣት እንደነበር አልክድም። መስተዋቱ ውስጥ የቆመውን ሰው፣ አንድ እጁ አፉ ውስጥ፣ በሌላው እንጨት የያዘውን ሳየው ግን ላምነው አልቻልኩም። እንጨቷን መልሼ አስቀመጥኳት።

በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ በኩል አድርጌ፣ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ አፌን አልከፈትኩም። መንገዱ በተሰነጠቀበት ሁሉ ብሎኗ የተሳፈረች ያህል ትወዛወዛለች። ዶክተር ቤዛ ያለ ቀጠሮ ተቀበለችኝ። መብራቱን አዞረችና አየች። ከዚያ በትንሿ የጥርስ መስተዋት ቀርባ አየች።

«ጋሼ፣ አናቷ ላይ ጭረት አለ። ማን ነካት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ላልታ ነበር። ላጠብቃት ብዬ ነው።»

«በምን?»

ከሸሚዜ ኪስ አውጥቼ አሳየኋት። ካቻቪቴዋን ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልጅቱን አስለቀስኳት ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቋ ነው። ስትመለስ ግን ፊቷ ከልቡ ኮስተር ብሏል።

«ግድግዳ አይደሉም እኮ ጋሼ። አጥንት ሲላላ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም። ላልታለች ያኔውኑ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት አሳርፌ አተርፋት ነበር። ሲያዞሯት ግን ዙሪያዋን የጀመረውን አዲሱን አጥንት ሁሉ ቆረጡት።» በሁለት ጣቷ ያዘችና ብሎኗን አወጣቻት። ካቻቪቴ እንኳ አላስፈለጋትም።

«ታዲያ ጥርሱ ሊነቀል ነው?»

«አላውቅም። አጥንቱ ተመልሶ ከሞላ እንደገና እንሞክራለን። ካልሞላ ይወጣል። ሦስት ወር እንጠብቅ።»

«ቀዳዳውን በምን ትሞዪዋለሽ?»

«በምንም።»

«በምንም?»

«እንዳይነኩት ብቻ።»

እነዚያ ሦስት ወሮች በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበዱኝ ናቸው። ሥራው አለመሥራት ነበር። ጠዋት ተነስቼ ምንም አላደርግም፤ ማታ ምንም ሳላደርግ እተኛለሁ። ስንዱ የጥርስ መጎርጎሪያ የሚባል ነገር ከቤት አጠፋች። በሕንፃው ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ባየሁ ቁጥር እጄን ኪሴ ከትቼ አልፋለሁ። ተነቅሎ በሾርባ የምኖርበትን ዘመን እያሰብኩ ድንችና ምስር ተለማመድኩ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ራጅ ተነሳሁ። ዶክተር ቤዛ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጋ ስክሪኑ ላይ አወጣች። በድሮው ላይ ቀዳዳው ጥቁር ሆኖ ይታያል። በአሁኑ ላይ ፈለግሁት። ተጠጋሁ። አጣሁት። እኔ የደፈንኩት ግድግዳ ምንም ያህል ቢለሰንና ቢቀባ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጠባሳው ይወጣል፤ ስለዚህ አንገቴን ሰብሬ በጎን በኩል አየሁት። እዚያም የለም።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«ሞላ።»

«ማን ሠራው?»

«እርስዎ።»

«እኔ እኮ ጣቴን አላነሳሁም።»

«ለዚህ ነው የሞላው» አለች።

እንባዬ መጣ፤ ምንም አላፍርበትም። ያ ሁሉ ጊዜ እኔ ስፈራና ስለ ሾርባ ሳስብ፣ እዚያ ውስጥ ያበላሸሁትን ማንም ሳይወቅሰኝ የሚጠግንልኝ ነበር። ከእኔ በተሻለ ሙያ፣ ከእኔ በበለጠ ትዕግሥት፣ በእኔው መንጋጋ ውስጥ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ እየዞረ ስለ ራሱ ምንም አለማወቁ ይገርመኛል።

ሁለተኛዋን ብሎን ከድሮው ቦታ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ወፈር ያለበት ላይ ተከለቻት። በዚህ ጊዜ ምላሴን በጥርሴ ይዤ ከረምኩ። የሰማሁትንም ሁሉ አመለክት ጀመር። «ዛሬ ጠዋት ትንሽ አሳከከኝ» ብዬ እደውላለሁ። «ሳስነጥስ ሰማኋት» ብዬ እደውላለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ስልክ የምታነሳው ልጅ ድምፄን ስትሰማ ገና ስሜን ሳልነግራት «ጋሼ፣ ኢትስ ኖርማል» ትለኝ ጀመር።

ደካማዎቹ ሳምንታት አለፉ። ብሎኗ ያዘች። የተኛው ጥርስም በየወሩ ክርኑን ተደግፎ እንደሚነሳ ሰው ቀና እያለ መጣ። በአምስተኛው ወር ግን ዶክተር ቤዛ ሌላ ራጅ አሳየችኝና ከወንበሩ ብድግ አልኩ። ብሎኗ ራሷ ከተተከለችበት ቦታ በፀጉር ስፋት ፈቀቅ ብላለች።

«ላላች?» አልኩ።

«አልላላችም። ይንኳት።» የመንካት ፈቃድ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። በጣቴ ጫፍ ገፋኋት። አለት ናት። «አንዳንዴ ሲገፉ ትንሽ ይሄዳሉ» አለች፤ «አጥንቱ ከፊቷ ለቀቅ እያደረገ ከኋላዋ እየሞላ ሳይለቃት ይወስዳታል።»

አንድ ነገር ቦታውን እየለቀቀ እንዴት ሳይላላ ይቀራል? በሥራ ቦታ ለፈረንጆቹ ጓደኞቼ ነግሬያቸው አላመኑኝም።

በዘጠነኛው ወር፣ በበጋው፣ ጥርሱ ቆመ። ዶክተር ቤዛ ሽቦውን ቆርጣ አነሳችና ብሎኗን በካቻቪቴዋ ልትፈታት ያዘች። በመጀመሪያው ሙከራ አልንቀሳቀስም አለች። በሁለተኛው ጥቂት ታግላ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምታ ለቀቀች። ያችን የገብስ ፍሬ የምታህል ብረት አጥንቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንዲህ አጥብቆ ይዟት እንደነበር ያን ጊዜ አወቅሁ። ዶክተር ቤዛ መስተዋት ሰጠችኝ። ጥርሴ በግራ በኩል፣ በመጨረሻው ጥግ፣ ከላይኛው ጥርስ ጋር ተገጣጥሞ ቆሟል።

«መብላት እችላለሁ?»

«ቀስ ብለው። በዚያ በኩል መጀመር አለብዎት፤ እንዲለምድ።»

ስንዱ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የተቀቀለ በቆሎ በፎጣ ጠቅልላ ትጠብቀኛለች። ምንም ሳትጠይቀኝ አንድ ረድፍ ፈልፍላ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ፍሬዎቹን ወደ አፌ ጣልኩ። ልማዳቸው ነውና ወደ ቀኝ ሮጡ። በምላሴ ሰብስቤ ወደ ግራ ላክኋቸው። መንጋጋዬ ግራ ገባው። አንዴ ገጠመ፣ አንዴ ሳተ፣ በሦስተኛው ፍሬዋ ፈነዳችና ጣፋጩ ውኃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በግራ በኩል አፌን ሞላው።

ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ጥርሱ የገዛ ጉንጬን በኃይል ነከሰው። ዓይኔ እንባ ሞላ። እዚያ ጋ ጥርስ መኖሩን ጉንጬም ረስቶት ኖሯል። ስንዱ ደንግጣ መሀረብ ስትፈልግ እጇን ያዝኳት። ደሙ ጨው ጨው እያለኝ፣ እየሳቅሁ፣ መዳፌን እንደገና ዘረጋሁላት።